ጣታቸውን ሳያነሡ የሚያዳምጡት ጋሽ ጴጥሮስ

«ወንድሜ ሩጫውን ጨረሰ» አለችኝ ማርታ በስልክ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ማርታ የጋሽ ጴጥሮስ ታናሽ እህት ናት፤ እንደ እሳቸው ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ። ትኩሳት ይዟቸው እንደ ነበር፣ በሄዱበት የወንዝ ዳር ከተማ ሐኪም ቶሎ እንዳልተገኘ፣ ቀብሩም እዚያው እንደ ተፈጸመ ነገረችኝ። ከዚያ ዝም አለች። አመልካች ጣቴ የጠረጴዛውን ጫፍ ተጭኖ እንደ ቆየ ያወቅሁት «አለሽ?» ስትለኝ ነው።

«አለሁ። ጨርሺ።»

«ጨረስኩ እኮ፣ ምሕረት።»

ይህን የጣት ነገር የወሰድኩት ከእሳቸው ነው።

ማታ ስጸልይ የሰው ስም የመጥራት ልማድ አለኝ። ከአገሬ ርቄ ጁባ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የምጠራው ስም በዝቷል። በሕይወት ያሉትን ለብቻ፣ ያረፉትን ለብቻ እጠራለሁ፤ ሳልደባልቅ። ጋሽ ጴጥሮስ ከሄዱ ጀምሮ ስማቸው በሕያዋኑ በኩል ነበር። ያን ዕለት ማታ እሳቸው ጋ ስደርስ ምላሴ ቆመ። ወዲያ ልውሰዳቸው? እንዴት ብዬ? እሳቸው ሲያወሩ ዝም ካሉ ገና አልጨረሱም ማለት ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሰው ሊያናግራቸው ሲጀምር ጋሽ ጴጥሮስ የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያሳርፋሉ። ጠረጴዛ ከሌለ ጉልበታቸው ላይ፤ መንገድ ላይ ከሆኑ የሸሚዛቸው ቁልፍ ላይ። ተናጋሪው እስኪጨርስ ጣቱ አይነሣም። ሰውየው ቃል ጠፍቶት ቢቆም ቃል አያቀብሉትም፤ ራሳቸውን አይነቀንቁም፤ ሰዓት አያዩም። ይጠብቃሉ። በመጨረሻ «ከላስ?» ይላሉ። ከላስ በጁባ ዓረብኛ «አለቀ» ማለት ነው፤ እዚህ ከተማ የመጣ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማረው ቃል እሱ ነው። ተናጋሪው «ከላስ» ካላቸው ጣታቸውን ያነሣሉ፤ መልስ የሚሰጡትም ያኔ ነው።

ሲነገር ደስ ይላል፤ አብሯቸው ለሚውል ሰው ግን ፈተና ነበር። ቲማቲም ሊገዙ ወጥተው ሻጭዋ ስለ ባልዋ ጀምራ ስለ አማትዋ እስክትጨርስ ፀሐይ ላይ ያቆሙናል። ሁለታችን የምንሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ቤት ባለቤት አቶ በላይ፣ ችኩል የሆነ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ «ጴጥሮስን ገበያ መላክ ቀኑን መሰረዝ ነው» ይል ነበር። ፊት ለፊታቸውም ይለዋል። እሳቸውም ጣታቸውን አሳርፈው እስከ መጨረሻው ሰምተው «ከላስ?» ይሉትና «ቲማቲሙ ግን ጥሩ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ይዞራሉ።

ሥራ ቤታችን ጉዴሌ በሚባለው የጁባ ሰፈር ነበር፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል። የምንሠራው ለጤና ጣቢያ ክትባት ማስቀመጫ ፍሪጆች የሚሆን የሙቀት መዝጋቢ ነው። ትንሽ ሣጥን ናት። ፍሪጁ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ውስጡ ምን ያህል እንደ ሞቀና እንደ በረደ እየለካች ትጽፋለች፤ በየቀኑም በስልክ ኔትወርክ መልእክት ትልካለች። ክትባት ሲሞቅ ይበላሻል፤ ከልክ በላይ ሲበርድም ይበላሻል፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ነርሷ የምታምነው ያቺን ሣጥን ነው።

ጋሽ ጴጥሮስ ሰሌዳውን ማለትም ቺፖቹ የሚያርፉበትን ካርድ ይነድፋሉ፤ እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ። እሳቸው ከዚህ አገር ተሰዶ ጋምቤላ ከገባ ቤተሰብ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተምረው ብዙ ዓመት በሙያው ሠርተው ነው አገራቸው ነጻ ስትወጣ የተመለሱት። ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ እዚህ አልጽፍም። እሳቸውም ሲጠየቁ «የጋምቤላ ልጅ ነኝ» ብለው ነገሩን በሣቅ ያልፉታል።

ስለ ምሳም ልናገር፤ ያለ እሱ ጋሽ ጴጥሮስን መሳል አይቻልም። የጾም ወቅት በመጣ ቁጥር ከወንዙ የመጣ የተጠበሰ ዓሣ ያስመጡና ከእኔ ባቄላ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል።

«ነይ ብዪ።»

«ጾም ነው፣ ጋሼ።»

«ዓሣ እኮ ጾም ነው። ደም አለው? ይጮኻል? ጌታም ለደቀ መዛሙርቱ ጠብሶ አብልቷቸዋል።»

«ያኔ ከትንሣኤ በኋላ ነው። ፍስክ ነበር።»

እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ መጽሐፉን ግን ከእኔ እኩል ያውቁታል። ለዚህ መልስ ሲያጡ «እሺ፣ ይህን ነገር ገና አልጨረስነውም» ብለው ዓሣውን ይበላሉ። በሚቀጥለው ጾም ካቆሙበት ይጀምራሉ።

አሁን ስለ ሽቦው። ነገሩ የሙያ ነው፤ እንደ ነገሩኝ አድርጌ ልንገራችሁ።

ሰሌዳው ላይ አንድ አዛዥ ቺፕ አለ። ሦስት ታዛዦች አሉት፦ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር፣ የሚጽፈው ሜሞሪ፣ ለነርሷ ቁጥር የሚያሳየው ስክሪን። ሲም ካርድ የሚገባበት፣ መልእክት የሚልከውና የሚቀበለው ሞደም ግን የራሱ መስመር አለው። ሦስቱም የሚሰሙት በአንድ የጋራ ሽቦ ነው፤ አዛዡ ሲናገር ለሁሉም ይደርሳል። ታዲያ ማንን እያናገረ እንደ ሆነ በምን ይለያል? ለእያንዳንዱ አንድ የመጥሪያ ሽቦ አለው፤ በሙያው ቺፕ ሰሌክት ይባላል። የሜሞሪውን ሽቦ ወደ ታች ሲጎትት «አንተን ነው» ማለቱ ነው። ሽቦው እስካልተለቀቀ ድረስ ሜሞሪው ይሰማል። ሲለቀቅ «ጨርሷል» ብሎ የሰማውን ይጽፍና ጆሮውን ይደፍናል።

ክርክራችን ያንን ሽቦ ማን ይያዝ ነው። አዛዡ ቺፕ ውስጥ ራሱን የቻለ መላኪያ ክፍል አለ፤ ቃል ሲመጣለት ሽቦውን በራሱ ይጎትታል፤ ወረፋ የያዘለት ቃል ሲያልቅ በራሱ ይለቃል። ይህ በሃርድዌር ነው። ሌላው መንገድ ድራይቨሩ ማለትም ሜሞሪውን የሚያናግረው የእኔ ፕሮግራም ሽቦውን በራሱ እጅ ጎትቶ፣ ሁሉን ተናግሮ፣ በራሱ እጅ እንዲለቅ ነው። ይህ በሶፍትዌር ነው።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ስለሆንኩ እጄ ያልያዘውን ነገር አላምንም፤ በሶፍትዌር ይሁን አልኩ። ጻፍኩትም። በዚያ ረቂቄ ሜሞሪው አልታዘዝ ካለ ድራይቨሩ «ስሕተት» ብሎ ይወጣል፤ ሲወጣ ግን የሜሞሪውን ሽቦ እንደ ያዘ ነው። ቀጥሎ ሴንሰሩ ሲጠራ ሁለቱም እኔን ነው ብለው ባንድ አፍ መለሱ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሙቀት የፍሪጅ ሳይሆን የዳቦ ምድጃ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ ጋሽ ጴጥሮስ ስክሪኑን እያዩ፤ «ክትባቱን ጋግረሽዋል።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ልጄ፣ የሰው እጅ ይይዝና መልቀቅ ይረሳል። ማሽኑ አይረሳም። ደግሞ እሱ ቃሉን ሲያደርስ አዛዡ ዐረፍ ይላል፤ ባትሪው ይቆይልናል። በሃርድዌር ይሁን።»

ባትሪውን የሚሞላው ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ስለ ነበር ክርክራቸው እውነት አለው። ተስማማሁ። የመጀመሪያዋ ሣጥን ሎሎጎ በሚባል ሌላ የጁባ ሰፈር፣ አንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ተሰቀለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሮዝ ትባላለች፤ ረጅም፣ ነገር የማያልፋት የጁባ ሴት። ብዙ ሳይቆይ ደወለች። መዝገቡ ውስጥ ክፍተት አለ። ሣጥኗ ግማሽ ትጽፍና ትተዋለች። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ፍሪጁ በዚያ ሰዓት ምን እንደ ሆነ ካልታወቀ ክትባቱ አይሰጥም።

«እናቶቹ በፀሐይ ልጅ አዝለው መጥተዋል» አለችን፤ «ምን ልበላቸው? ሣጥኑ ረስቶታል ልበላቸው? ከማይናገር ሰው ይልቅ ግማሽ ተናግሮ የሚተው ይብሳል!»

ጋሽ ጴጥሮስ ሣጥኗን አውርደው ሥራ ቤት አመጧት። ሥራ ቤት ውስጥ እንከን አልነበራትም። መልሰው ሰቀሏት፤ ክፍተት። እንደገና አመጧት፤ ምንም። አቶ በላይ «ሎሎጎ ጋኔን አለ» አለ። ሲስተር ሮዝ በበኩሏ የመጨረሻውን ነገረችን፦ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ መዝገቡ ካልሞላ፣ የበላዮቿ ያ ጤና ጣቢያ ክትባት መስጠቱን እንዲያቆም ያደርጋሉ። እናቶቹ ከተማ መሃል ድረስ ይሄዳሉ፤ ወይም አይሄዱም። እሷ የፈራችው «አይሄዱም» የሚለውን ነበር። ጋሽ ጴጥሮስም።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ። በዚያ ታኅሣሥ ጁባ ላይ የሆነውን የነበረ ያውቀዋል፤ ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው በወገኑ እየተለየ ተገደለ። እኔ ጉዴሌ ክፍሌ ውስጥ በሬን ዘግቼ ነበር። የነቢያት ጾም ነው፤ የምበላው ባይኖርም የምጾመው ነበረኝ። ተኩሱ ጋብ ሲል ሰው ወደ ውጭ ይወጣና «ኔትወርክ ማፊ» እያለ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ኔትወርክ የለም። ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ጋሽ ጴጥሮስ ደወሉ። ያሉኝ «አለሁ» ብቻ ነው። የሰላም አስከባሪዎቹ ግቢ ውስጥ ከተጠለለው ሕዝብ ጋር ነበሩ።

መንገዱ እንደ ተከፈተ ሎሎጎ ሄድኩ። ሲስተር ሮዝ ጤና ጣቢያዋን ጥላ አልሄደችም ነበር፤ ፍሪጁም በፀሐይ ኃይሉ ይሠራል። ያለፈውን መዝገብ ወደ ላፕቶፔ አወረድኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። ዐይኔን አላመንኩም። ክፍተት ያልነበረባቸው ቀናት ከተማው የተተኮሰባቸው ቀናት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ክፍተት፤ ከዚያም በኋላ ክፍተት። በእነዚያ ክፉ ቀናት ግን አንድ መስመር አልጎደለም።

ገና ካለፈ በኋላ ላፕቶፑንና ከሎሎጎ ያወረድኳትን ሣጥን ይዤ ወደ ግቢው ሄድኩ። በር ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ሽቦና አንቴና ያላት ሣጥን ከሴት ቦርሳ ስትወጣ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። ወጣቱ ወታደር ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደጋግሜ አስረዳሁት። ሣጥኗ አትገባም አለ። ጋሽ ጴጥሮስ ደግሞ ከግቢው መውጣት አይችሉም፤ በሩን ማለፍ ለእሳቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እሳቸው ከእንጨት መሰናክሉ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ተነጋገርን። ከስተዋል። ሸሚዛቸው ግን ታጥቦ ነበር።

«እንኳን አደረሰሽ» አሉኝ። «ጾሙን በምን ፈታሽ? በዓሣ?»

ሣቅሁና አለቀስኩ። ከዚያ መዝገቡን ነገርኳቸው። ጣታቸውን መሰናክሉ ላይ አሳርፈው ሰሙኝ።

«ከላስ?»

«ከላስ። እኔ ግን ጋሼ፣ እግዚአብሔር ጠብቆት ነው የምለው።»

«መጠበቁን አልክድም። ግን በእነዚያ ቀናት ያልነበረ ነገር ምንድን ነው?»

«ሰላም።»

«ሌላስ?»

«እንቅልፍ። ዳቦ።»

«ሌላስ? ሣጥኗን የሚነካ።»

አሰብኩ። «ኔትወርክ» አልኩ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ይሄኔ ወታደሩ መጣና «ፊኒሽድ?» አለ፤ በእጁ ወደ መንገዱ እያሳየኝ። «ገና ነው» አልኩት። ሄደ። እንደገና ማሰብ ጀመርን፤ እንደገና ዝም አልን፤ እንደገና መጣ። «ፊኒሽድ? ጎ፣ ጎ!»

ጋሽ ጴጥሮስ ቀና ብለው ወታደሩን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምሕረት፣ ይኼ ልጅ ሃርድዌሩ ነው!»

«ምን?»

«ስናወራ አይመጣም። ዝም ስንል የጨረስን ይመስለዋል። የኛ ማሽንም ሽቦውን የሚለቀው መቼ ነው? ወረፋው ባዶ ሲሆን! ኔትወርክ ሲኖር ሞደሙ መልእክት ይቀበላል፤ አዛዡን ‹ስማኝ› ብሎ ያቋርጠዋል። አዛዡ ለሜሞሪው ቃል ሲያቀብል ቆይቶ ዞር ይላል። ወረፋው ይራቆታል። ማሽኑ ደግሞ አለቀ ብሎ ሽቦውን ይለቃል። ሜሞሪው ግማሹን ይጽፍና ጆሮውን ይደፍናል!»

«ሥራ ቤት ውስጥ ታዲያ ለምን...» አልኩና አፌን ያዝኩ። አቶ በላይ ፌስቡክ እንዳንከፍትበት የሣጥኗን ሲም ካርድ እያወጣ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍ ነበር። እኛ ሣጥኗን ሁልጊዜ የፈተንናት ያለ ሲም፣ ማንም በማያቋርጣት ጸጥታ ውስጥ ነው። ሎሎጎ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የማስታወቂያ መልእክት ይጎርፍላታል። ለካ የክትባቱን መዝገብ የሚበሳው «ይደውሉ፣ ይሸለሙ» የሚለው ወሬ ኖሯል።

«ኮዱን አሳዪኝ» አሉ። ላፕቶፑን መሰናክሉ ላይ አቆምኩላቸው። ማንበብ ሲጀምሩ ወታደሩ ከወዲያ ጫፍ ተነቃነቀ።

«ተናገሪ!» አሉኝ። «ምንም ይሁን፤ ብቻ እንዳታቋርጪ። ወረፋው ባዶ እንዳይሆን።»

«ምን ልናገር?»

«የምታውቂውን!»

ሳላቋርጥ የማውቀው ዳዊት ነው። ልጅ ሆኜ ነው ያጠናሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በግዕዙ መድገም ጀመርኩ፤ አንዱን መዝሙር ጨርሼ ወደ ሌላው፣ ትንፋሽ የምወስደው እየሰረቅሁ። ወታደሩ ቀረበ፤ ሰማ። ምን እንደ መሰለው እግዚአብሔር ይወቅ፤ የራስ ቁሩን አስተካክሎ አንገቱን ደፋና ፈቀቅ አለ። ጋሽ ጴጥሮስ አነበቡ። እኔ ደገምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም፤ እየሣቅሁም፣ ከልቤም።

«ይበቃል፣ አገኘሁት» ሲሉኝ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። እሳቸው ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ልጅ ሆኜ እንተባተብ ነበር» አሉኝ ላፕቶፑን እያዩ። ይህን አላውቅም ነበር። «ጋምቤላ ትምህርት ቤት ውስጥ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ድረስ እናገራለሁ፤ ከዚያ ቃሉ ይያዝብኛል። አስተማሪው ዝም ስል የጨረስኩ ይመስለውና ‹ተቀመጥ› ይለኛል። ግማሽ መልስ ነው የሚያርመው። ሁልጊዜ ግማሽ። ያን ጊዜ ነው ሰው ሲያወራ ላላቋርጥ ለራሴ ቃል የገባሁት።» ጣታቸውን አዩት። «አየሽ ነገሩን? ያንን አስተማሪ እኔው ራሴ ሠርቼ ሎሎጎ ሰቀልኩት።»

«ባትሪውን ብለው ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱም የክፍለ ጊዜው ደወል ብሎ ነበር» አሉና ሣቁ። «በይ ጻፊ።»

እሳቸው ወዲያ ሆነው እየነገሩኝ እኔ ወዲህ ጻፍኩ። የሜሞሪው የመጥሪያ ሽቦ የሚወጣበትን የቺፑን እግር ከማሽኑ ወስጄ ለድራይቨሩ ሰጠሁ። «የሴንሰሩንና የስክሪኑን ተዪው» አሉኝ፤ «ወሬያቸው አጭር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እነሱን ማሽኑ ይያዛቸው። እጅ የሚያስፈልገው ረጅም የሚናገር ነው።» ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ሜሞሪውስ መልስ ቢያጣ? እስከ መቼ ትይዥዋለሽ?»

«እስኪመልስ።»

«እስከ ዕለተ ምጽአት? ያንን ዳቦ ረሳሽው? አንቺ አንዱን ይዘሽ ስትቀሪ ሌሎቹ መናገር አይችሉም። ገደብ አብጂለት። ገደቡ ሲያልፍ ልቀቂ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስትለቂ ግን እንዳለቀ አድርገሽ አትጻፊው፣ ምሕረት። ‹ተቆረጠ› ብለሽ ጻፊ። ሲስተር ሮዝ ያለቀውንና የተቆረጠውን ለይታ ታንብብ።»

የቀረው መፈተን ነበር። ሲም ካርዱ ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ አለ። ሣጥኗ መጻፍ ስትጀምር ጋሽ ጴጥሮስ ከስልካቸው መልእክት በላይ በላይ ላኩባት፤ እኔ መዝገቡን አያለሁ። ላኩ፤ ሞላ። ላኩ፤ ሞላ። አንድ መስመር አልጎደለም። ወታደሩ ሳይቀር ቆሞ ያየን ጀመር። በኋላ ሥራ ቤት ገብቼ ሣጥኗ የተቀበለቻቸውን መልእክቶች ስከፍት ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ዓሣ ጾም ነው።» «ዓሣ ጾም ነው።» «ዓሣ ጾም ነው።»

ሎሎጎ ክትባት መስጠቷን አላቆመችም። ሲስተር ሮዝ እንደ ልማዷ ቶሎ አላመነችንም፤ ቆይታ አየችው። አንድ ቀን መዝገቡ ላይ «ተቆረጠ» የሚል ቃል ወጣ፤ እርጥበት የሜሞሪውን እግር ነክቶት ነበር። እንድትቆጣ ጠብቄ ሄድኩ። እሷ ግን «አሁን ሣጥናችሁ ሰው ሆነ» አለችኝ፤ «የማያውቀውን አላውቅም ይላል።» በር ላይ እናቶቹ በጥላው በኩል ተደርድረው ነበር። ይህንን ለጋሽ ጴጥሮስ በስልክ ስነግራቸው ረጅም ዝም አሉ። ስልክ ላይ ሲሆኑ አንደበታቸው ዛሬም እንደሚያዝ ያን ቀን ነው የገባኝ። ጠበቅኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ በመጨረሻ።

ነገሩ ሲረጋጋ እናታቸውን ፍለጋ ለመሄድ ወሰኑ። ሕዝብ ሲበተን እናታቸው የት እንደ ገቡ አልታወቀም ነበር። የእቃ ጀልባ ላይ ቦታ አገኙ። ልሸኛቸው ወደቡ ሄድኩ። ጫኞቹ የማሽላ ጆንያ እያመላለሱ ይጯጯኻሉ፤ የጀልባው ሰው ገመድ ይፈታል። ጋሽ ጴጥሮስ አንዲት ቦርሳ ይዘው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጣታቸውን የሸሚዛቸው ቁልፍ ላይ አሳረፉ።

ብዙ ነገር አስቤ ነበር የሄድኩት። ላመሰግናቸው፣ በአገሬ ሰው እጦት ጊዜ አባት እንደ ሆኑኝ ልነግራቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ለእኔ...» አልኩና ቆምኩ። ቃሉ አልመጣም። እሳቸው ጠበቁ። የጀልባው ሰው «ከላስ! ያላ፣ ከላስ!» ይላል። ዞር አላሉም። ሞተሩ ተነሣ፤ ውኃው ነጭ ሆነ፤ ሰዎች ከላይ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። ቃሉን ካላልኳቸው እንደማይሄዱ አወቅሁ።

«ከላስ» አልኳቸው።

ጣታቸውን አነሡ። ሮጠው ተሳፈሩ።

አልጨረስኩም ነበር። ያልኩት እንዲሄዱ ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ አልደወሉም። እናታቸውን እንዳገኙ ነግረውኛል። የመጨረሻዋ ጥሪ የነቢያት ጾም መግቢያ ላይ ነበረች። «ምሕረት፣ ያንን የዓሣውን ነገር አሰብኩበት...» አሉና ቃሉ ተያዘባቸው። ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እሳቸውም አልዘጉም፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። መልሼ ብደውል አልገባም አለ። ምን ሊሉኝ እንደ ነበር አላውቅም። ወደ እኔ ሐሳብ ሊመጡ ነበር? ወይስ አዲስ ጥቅስ አግኝተው ነበር?

ማርታ «ሩጫውን ጨረሰ» ስትለኝ ያልመለስኩላት በዚህ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን የነገርኳቸው ሴቶችም እንደዚያው አሉኝ፤ መልካም ቃል ነው፤ አዝነው ነው የሚናገሩት። በልቤ ግን የእሳቸው ድምፅ «እንዳለቀ አድርገሽ አትጻፊው» ይለኛል።

ስማቸውን ቶሎ አላዛወርኩትም። ለተወሰኑ ምሽቶች በሕያዋኑ በኩል መጥራቴን ቀጠልኩ፤ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ። ለእሳቸው ያዘንኩ መስሎኝ ሌሎቹን ረስቼ ነበር፤ ጸሎቴ እሳቸው ጋ ሲደርስ ይቆምና የሚከተሉት ስሞች ሳይጠሩ ያድራሉ። የሲስተር ሮዝ ስም። ወታደሩ። የራሴ እናት። አንዱን ይዤ ሌሎቹን ዝም አስብያቸው እንደ ነበር ሲገባኝ፣ ያ የዳቦ ምድጃ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሣቅሁ።

ትናንት ማታ ተነሥቼ ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ሕያዋኑን በተራ ጠራሁ፤ እሳቸውን ሳልጠራ አለፍኩ። ወዳረፉት ዞርኩ። በሰው ፊት አንቱ ብዬ የኖርኩትን ሰው በእግዚአብሔር ፊት አንተ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኩ።

«ጌታ ሆይ፣ አገልጋይህ ጴጥሮስ እየተናገረ ነበር፤ ተቆረጠበት። ቀሪውን አንተ ስማው።»

ከዚያ ጣቴን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።